ከቁም ሳጥኑ ያልጎደለው መድኃኒት

ጉደታ የሞተው በጎኑ ተኝቶ፣ አንድ እጁን ከጉንጩ ሥር እንዳደረገ ነበር። ለሚያየው ከረጅም መንገድ ተመልሶ እንቅልፍ የጣለው ሾፌር ይመስላል። ከንፈሩ ግን ጠቁሯል፤ ከአፉ ጥግም አረፋ ደርቋል።

«ሲያንኮራፋ ሰምቼዋለሁ» አለች ሚስቱ ተሻለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠች። «ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበረውም። እሰይ፣ ዛሬስ ተኛልኝ ብዬ ልጆቹን ዝም አሰኘሁለት።»

ኢንስፔክተር ገላኔ ጓንቷን አጠለቀች። ባልደረቦቿ «ሬሳውን ትታ ግድግዳ ታያለች» እያሉ ያሟታል፤ እውነትም ዐይኗ ከአልጋው ወጥቶ መስኮቱ ላይ ዐርፏል። መስኮቱ ላይ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ቆሟል፤ የልጆች የሳል መድኃኒት የሚሸጥበት ዓይነት። በጓንት አንስታ ዘቀዘቀችው። ከታች የቀረው ቀይ ነገር አልፈሰሰም፤ እንደ ሙጫ ደርቆ ከጠርሙሱ ተጣብቋል። ሁለት ጉንዳኖች ገብተው እዚያው ቀርተዋል። ከጉንዳኖቹ አጠገብ ደግሞ አረንጓዴ ነገር አለ፣ የምስር ፍሬ የማታክል።

«ይኸው!» አለ ከኋላዋ ብዙነህ። ብዙነህ ጤና ጣቢያውን የሚቆጣጠረው የበላይ መሥሪያ ቤት የላከው ሰው ነው፤ ጠዋት ከፖሊስ ቀድሞ ደርሷል። «የጤና ጣቢያው ሽሮፕ ነው። ሰረቀ፣ ቤቱ አምጥቶ ጨለጠው፣ ሞተ። አለቀ። እኔ ክፍሉን አሽጌዋለሁ።»

«የትኛውን ክፍል?»

«የሱሰኞቹን ነዋ። ሐኪሙ እስኪያስረዳ አይከፈትም። እኔን ከጠየቅሽኝ ጨርሶም ባይከፈት።»

ገላኔ ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልላ ለምርመራ አስላከችው።

*

ጤና ጣቢያው ከጉደታ ቤት ብዙ አይርቅም። የሁዳዴ ሰሞን ነው፤ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሣ በሰው ፊት ላይ ይበትናል። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ግን ከአቧራው ለመሸሽ አቅም ያላቸው አይመስሉም። አንዷ ሆዷን ይዛ አጥሩን ተደግፋለች። አንድ ወፍራም ሰውዬ ያለማቋረጥ ያዛጋል።

«የእኔ ሰዎች ናቸው» አላት ዶክተር መሳይ። በወጣትነቱ የሸበተ፣ ሲናገር እጁን የት እንደሚያደርግ የሚጠፋው ሰው ነው። «ትራማዶል በሚሉት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሱስ የተያዙ፣ በፔቲዲን መርፌ የተያዙ። ሾፌር አለ፣ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ አለ፣ ሁለት እናቶች አሉ። ጉደታም አንዱ ነበር። በየጠዋቱ መጥተው ሱሱን የሚያስታግሰውን ሽሮፕ፣ ሜታዶን ይጠጣሉ፤ ከዚያ እንደ ሰው ሥራቸው ይሄዳሉ። ዛሬ አልጠጡም። ነገም ካልጠጡ ሕመሙ ይጸናባቸዋል፤ ከነገ ወዲያ ግማሾቹ ወደ መርፌያቸው ይመለሳሉ።»

«ሌላ ቦታ አያገኙም?»

«አዲስ አበባ። በየቀኑ ደርሶ መልስ እንዲሄዱ?» ፈገግ ለማለት ሞክሮ ተወው። «ኢንስፔክተር፣ ጉደታ በምን እንደሞተ ካልታወቀ ይህ ክፍል አይከፈትም። እኔን እሰሩኝ ከፈለጋችሁ። ክፍሉ ግን ይከፈት።»

እሽጉን በብዙነህ ፊት ቀድደው ገቡ። መድኃኒቱ ያለበት የብረት ቁም ሳጥን ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በሐኪሙ፣ ሌላው በነርሷ በሲስተር ማርቲ እጅ ነው። ብዙነህ ራሱ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ መድኃኒቱን ከመዝገቡ ጋር ለካ፣ ደግሞ ለካ። ላቡን ጠረገ።

«ምንም አልጎደለም» አለ፣ ቅር እንዳለው ሰው።

«ታዲያ ያ ብልቃጥ ውስጥ የነበረው ከየት መጣ?» አለች ገላኔ።

ወደ ነርሷ ዞረች።

«ሲስተር፣ አሰጣጡን አሳዪኝ። እኔ በሽተኛ ነኝ እንበል።»

ማርቲ ከሠላሳ ብዙም ያልዘለለች፣ ቀጭን ሴት ናት። ባዶ ኩባያ አንሥታ ሰጠቻት። «እዚሁ ፊቴ ቆመው ይጠጣሉ። ይዞ መውጣት የለም። ከጠጡ በኋላ አንድ ኩባያ ውሃ እናስከትላለን፤ ከዚያ ይሄዳሉ።»

ገላኔ የግድግዳውን ቧንቧ ከፈተች። ቧንቧው ሳል ቢጤ አሰምቶ ዝም አለ።

«ውሃ ከጠፋ ሰነበተ» አለች ማርቲ። «ሰፈሩ ሁሉ በጀሪካን ነው። ውሃውን ... ለጊዜው ትተነዋል።»

ገላኔ ጎንበስ ብላ የቆሻሻ ቅርጫቱን አየች። ጥጥ፣ ጓንት፣ የተጨማደደ ወረቀት። ከላይ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ።

«ይህስ የማን ነው?»

«የእኔ። ትናንት ገዝቼ ነው። ሙቀቱ ...»

«ጾም አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።» ማርቲ ቀና አላለችም። «ከሰዓት ነው የጠጣሁት።»

*

ዘበኛው ኦቦ ሰንበታ የቡልቡላ ሰው ናቸው። ከጉደታ አባት ጋር አንድ ቀዬ ነው ያደጉት። ገላኔ በኦሮምኛ ሰላምታ ስታቀርብላቸው በደንቡ መሠረት ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። ከዚያ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አዝነዋል፣ ኦቦ።»

«አዝኛለሁ እንጂ። ግን ልንገርሽ፣ ሙት አይወቀስም ይባላል፤ ልጁ መጨረሻው ላይ ጠግቦብኝ ነበር።»

«እንዴት?»

«ያ ልጅ ስንት ጊዜ ጠዋት ጠዋት እዚህ ቆሞ ያስቀኝ ነበር መሰለሽ። ስለ መኪናው፣ ስለ ጅቡቲ ሙቀት፣ ስለ ሚስቱ ሽሮ። ኋላ ምን እንደነካው እንጃ፣ ሲገባ ‹አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ› ይለኛል፤ ሲወጣ ግን አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። እኔ ‹ነጋቲ፣ በሰላም ዋል› እያልኩ ቆሜ፣ እሱ እንደ ባለሥልጣን አንገቱን! አንድ ቀን ‹ምነው፣ ምላስህን ነርሷ ጋ አስቀምጠህ መጣህ?› ብዬ ሰደብኩት። አልሳቀም። ለአባቱ ልነግርበት ነበር።»

«ሲገባ ግን ይናገራል?»

«ሲገባማ ያወራል። ሲወጣ ነው የሚኮራው።»

«ትናንትስ? በመጨረሻው ቀን?»

ሽማግሌው አሰቡ። «ቆይ ... በመጨረሻው ቀን ሰላም ብሎኛል። ‹ኦቦ፣ ደህና ዋሉ› ብሎኝ ነው የወጣው። ፊቱ ግን ሰው የሞተበት ይመስል ነበር።» ደነገጡ፤ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ።

*

ተሻለች ዘንድ ስትመለስ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ገላኔ ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበረውም ብለሽኛል።»

«ጉንፋን ነበር የያዘው። አፍንጫው ይፈሳል፣ ያልበዋል፣ እግሩን ያፍተለትለዋል።»

«ጫትስ?»

«እሱን አልተወም። ሐኪሙም ‹አንድ አንዱን እንተው› ብሎት ነበር።»

«በሞተበት ምሽት ከሰው ተጨቃጭቋል ይላሉ ጎረቤቶች።»

ተሻለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ኪሩ ነው። አብረው ረዳት ሆነው፣ አብረው መሪ የጨበጡ ናቸው። ‹ዛሬ የለም› ሲለው ሰማሁ። ሌላ አልሰማሁም።»

«ምንድን ነው የሌለው?»

«አላውቅም፣ እቴ። ምኑን አውቃለሁ።»

ገላኔ ኪሩን ያገኘችው ሞጆ፣ መኪኖቹ ተሰልፈው ጭነት በሚጠብቁበት ሜዳ ነው። ዐናት በሚበሳ ፀሐይ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከጎማ ጥላ ሥር ተኮራምቷል። ዐይኑ ያለቅሳል፤ የእጁ ፀጉር ቆሟል።

«አመመህ?»

«ወባ ነው።»

«ወባ እንዲህ አያስዛጋም፣ ወንድሜ። አንተም ጤና ጣቢያው ትመላለስ ነበር አሉ።»

«ነበር። ድንበር ላይ ወረቀት አላልቅ ብሎን ተገትረን ቀረን። ስመለስ ‹ብዙ ቀን ቀርተሃል፣ ተሰርዘሃል› አሉኝ። ቦታዬን ለሌላ ሰጡት።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ሕግ ነው አሉኝ። ሕግ ጥሩ ነው። እኛ ሾፌሮች ሕግ እንወዳለን፤ በየኬላው እንሳለመዋለን።»

«ከዚያ ወዲህ ትራማዶል?»

«አልነካሁም። በእናቴ ሥጋ።»

«ከተሰረዝክ ወዲህ ግን ስትነዳ ሰንብተሃል። ዛሬ ነው የታመምከው። ጉደታ ከሞተ በኋላ።»

ኪሩ አንገቱን ደፋ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከለቅሶው ይሁን ከሕመሙ ገላኔ መለየት አልቻለችም።

*

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በጤና ጣቢያው መጠበቂያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዶክተር መሳይ ቆሟል። ማርቲ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች፤ ተሻለች ከአጠገቧ። ኪሩ ጥግ ላይ ነው። ኦቦ ሰንበታ በሩን ይዘዋል። ብዙነህ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በዐይኑ ሰዓት ይቆጥራል። ከውጭ የሚያስታውክ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«በአጭሩ፣ ኢንስፔክተር» አለ ብዙነህ።

«በአጭሩ እንኳ አይሆንም» አለች ገላኔ። «አቶ ብዙነህ፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው የዚህ ክፍል መድኃኒት መሆኑ ተረጋግጧል። ከቁም ሳጥኑ ግን ጠብታ አልጎደለም፤ እርስዎ ራስዎ ለክተዋል። እንግዲህ መድኃኒቱ የወጣው ከተሰጠ በኋላ ነው። ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ያለው በበሽተኛው አፍ ነው።»

ብዙነህ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ብልቃጡ ውስጥ አረንጓዴ ነገር አየሁ። የጫት ቅጠል ነው። ቅጠል ቁም ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ ጥርስ መሃል ነው የሚገኘው። ከዚያ ኦቦ ሰንበታ ጉደታ ሲገባ ሰላም እያለ፣ ሲወጣ ግን በአንገቱ ብቻ እንደሚያልፍ ነገሩኝ። የቡልቡላ ልጅ የአባቱን ወዳጅ ሰላምታ ሳይመልስ የሚያልፈው ጠግቦ አይደለም። አፉ ሙሉ ስለሆነ ነው። በጉንጩ ይዞ ወጥቶ፣ ከአጥሩ ወዲያ ብልቃጡ ውስጥ ይተፋዋል።»

ኦቦ ሰንበታ በሩን ለቀው ተቀመጡ። «እኔ ደግሞ ሰደብኩት» አሉ ለራሳቸው።

«ውሃ ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር። ውሃው ሲጠፋ ያ ኩባያም ቀረ፤ መንገዱም ተከፈተ። ለማን እንደሚያወጣው ለማወቅ ኪሩን ማየት ይበቃል። ከሕክምናው ተሰርዞ ጤነኛ ሆኖ ሲነዳ ከረመ፤ ጉደታ በሞተ ማግሥት ወደቀ።»

«መጀመሪያ ግማሹን ነበር» አለ ኪሩ፣ ማንንም ሳያይ። «ግማሹን ይውጣል፣ ግማሹን ያመጣልኛል። ኋላ መንገድ ነበረብኝ፣ ከባድ ጭነት። ‹አንተ መሪ ትይዛለህ፣ እኔ ቤቴ ነኝ፣ እችለዋለሁ› አለኝ። ሁሉንም ሰጠኝ። ስመለስም መስጠቱን አልተወም።»

«ያ ጉንፋን የተባለው እሱ ነው» አለች ገላኔ። «ዶክተር፣ ሰው እንዲህ ከመድኃኒቱ ርቆ ቢሰነብት ምን ይሆናል?»

መሳይ ድምፁ ቀጥኗል። «ሰውነቱ ይረሳዋል። ትናንት ያቆመው የነበረው መጠን ዛሬ ይገድለዋል። እኛ ለሰነበተ ሰው እንደ አዲስ ከትንሹ ነው የምንጀምረው። ብናውቅ ...»

«ብታውቁ ምን ታደርጉ ነበር? መጠኑን ትቀንሳላችሁ ወይስ ስሙን ትሰርዛላችሁ?»

ሐኪሙ ወደ ደጁ አየ። «መድኃኒት ያወጣ ይሰረዛል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በር ላይ የሚጠብቁ ነበሩ፤ ቦታ አልነበረኝም።»

«ብልቃጡ የደረቀ ነበር፤ ጉንዳኖቹ ተጣብቀውበት። በመጨረሻው ቀን አልተጠቀመበትም። ኪሩን ‹ዛሬ የለም› ያለው ለዚህ ነው። በዚያን ቀን ሲወጣም አፉ ባዶ ስለነበረ ኦቦን ተሰናበታቸው። ምን ተለወጠ?» ገላኔ ከፌስታል ባዶውን የውሃ ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። «ሲስተር ማርቲ፣ ከሰዓት ጠጣሁት ብለሽኛል። ከሰዓት ግን በዚህ ክፍል አልነበርሽም፤ ሕፃናት ክትባት ላይ ነበርሽ። ክፍሉን ጠዋት ዘግተሽ ወጣሽ፤ በማግሥቱ አቶ ብዙነህ አሸጉት። ጾመኛ ሴት ጠዋት የገዛችውን ውሃ ያጠጣችው ለሌላ ሰው ነው። ለጉደታ ነው። እንዲውጥ።»

ማርቲ ቀና ብላ ጠርሙሱን አየችው።

«የውሃውን ኩባያ ስሰጠው ዐየኝ» አለች። «እንዳወቅሁ ገባው። ‹ዋጠው፣ ጉዴ› አልኩት። ‹ዋጠው፤ ለዶክተር አልናገርም።› ብነግር ይሰረዛል። እንደ ኪሩ ሊሆን ነው። እኔ ላቆየው ነው የፈለግሁት።» እንባዋን አልጠረገችም። «አንድ ሁለት ቀን መስሎኝ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝም።»

«እሱም መድኃኒቱ እንደሚገድለው አላወቀም» አለች ገላኔ። «ወራት ሙሉ የጠጣው ያው ኩባያ ነው። የፈራው መሰረዝን ብቻ ነበር።»

«እሺ፣ ማን ነገረሽ?» አለ ብዙነህ ወደ ማርቲ ጎንበስ ብሎ። «በጉንጩ እንደሚያወጣ በምን ዐወቅሽ?»

«ራሴ ጠረጠርኩ።»

ገላኔ ማርቲ እንደምትዋሽ ታውቃለች። ማርቲና ተሻለች አንድ ደብር እንደሚስሙም ታውቃለች። ይህን ክር ሆን ብላ ሳትመዘው አልፋው ነበር፤ አሁንም አለፈችው።

ተሻለች ግን ተነሣች።

«እኔ ነኝ። ብልቃጡ ውስጥ ሲተፋ ዐየሁት። መድኃኒቱ ባሌን የመለሰልኝ ነው፤ በእጁ ሲያፈሰው ባየው ጊዜ አበድኩ። ቅዳሴ ሲያልቅ ለማርቲ ነገርኳት። ‹አስውጪልኝ› ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ።» ወደ ገላኔ ዞረች። «ኢንስፔክተር፣ አንቺ ሁሉን ታውቂያለሽ። እኔ ዝም ብል ኖሮ ይኖር ነበር?»

ገላኔ በሥራዋ ዘመን ሁሉ ለተጠየቀችው ጥያቄ እውነቱን ስትናገር ኖራለች። የተሻለችን ፊት አየች፤ ከዚያ ዐይኗን ሰበረች። ተሻለች መልሱን ከዝምታው ወሰደችና ቀስ ብላ ተቀመጠች። ማርቲ እጇን ያዘቻት፤ ተሻለችም አልነጠቀቻትም።

ብዙነህ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «ስለዚህ መድኃኒቱ ነው የገደለው።»

«መቋረጡ ነው የገደለው» አለች ገላኔ። «መድኃኒቱ ሳይቋረጥ የሚወስዱት ውጭ ቆመዋል፤ በሕይወት አሉ። የሚያስፈልገው፣ ሰው ‹ቀረሁ› ብሎ ለመናገር እንዳይፈራ ማድረግ ነው። ውሃ ማስገባት ነው። ክፍሉ ዛሬውኑ ሊከፈት ይችላል።»

«አንቺ ትክክል ልትሆኚ ትችያለሽ፣ እኔ ምን አውቃለሁ።» ብዙነህ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁም ክፉ አልነበረም። «በመድኃኒት ሰው ሞተ፣ በነርስ እጅ። ይህን ይዤ ክፈቱ ብዬ ልፈርም? መመሪያው ይታያል፤ ከላይ መልስ ይመጣል።»

«መቼ?» አለ መሳይ።

«ይመጣል።»

መሳይ ወደ ኪሩ ሄዶ ትከሻውን ነካው። «ቦታህን መልሼልሃለሁ። ከአሁን ጀምሮ የእኔ በሽተኛ ነህ።»

«የተዘጋ ቤት ውስጥ ተመዘገብኩ በሉኛ፣ ዶክተር» አለ ኪሩ። ሊስቅ ሞከረ፤ ጥርሱ ተንገጫገጨ።

ሐኪሙ ደጅ ላሉት ሊነግር ወጣ። ማንም አልጮኸበትም። አንዲት እናት ብቻ «ታዲያ ለዛሬ ምን እናድርግ?» ስትል ተሰማ፤ መልሱ አልተሰማም።

ገላኔ ማርቲን ነገ ቃል እንድትሰጥ ነግራት ስትወጣ ኪሩ ከኋላዋ ደረሰባት።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቅ።»

«እኔን ማሰር አይቻልም?»

ቆም አለች።

«ለጥቂት ቀን ብቻ። መድኃኒት አስወጥቶ ወስዷል በይኝ፤ ውሸትም አይደለም። እስር ቤት ቢሆን ሕመሙ ይይዘኛል፣ እጮኻለሁ፣ ያልፋል። እዚህ ግን ...» በአገጩ ወደ መንገዱ ጠቆመ። «ከትራማዶሉ ይህን ያህል ስለራቅሁ፣ የድሮ መጠኔን ብወስድ የጉደታ ዕጣ ይደርሰኛል። አሁን ሲያስረዱን ገብቶኛል። ግን ማታ ይመጣል፤ ማታ የገባኝ ሁሉ ይጠፋኛል።»

ገላኔ ጣቢያውን አሰበች፤ ጠባቧን ክፍል፣ የሚያስታውክ እስረኛ ሲያዩ በዱላ የሚያረጋጉትን፣ ዐቃቤ ሕጉን። እዚያ የሚተኛ ሰው በዚህ ሕመም ውስጥ ሐኪም እንደማያይ ታውቃለች።

«ያጠፋኸው የለም» አለች። «ያላጠፋ ሰው አላስርም። የዶክተሩን ስልክ ያዝ። ከቤት አትውጣ፤ ብቻህን አትሁን።»

«ብቻዬን ላለመሆን ጉደታ ነበረኝ» አለ ኪሩ። እጅ ነሣና ሄደ።

ዋናው መንገድ ላይ ደርሶ ቆመ። በስተቀኝ የሚኒባስ ረዳቶች ‹ሞጆ! ሞጆ!› እያሉ ይጮኻሉ፤ አንዱ በር ከፍቶለታል። በስተግራ፣ ከሆቴሉ ማዶ፣ ትራማዶል ያለ ማዘዣ የሚሸጡት መድኃኒት ቤቶች ተደርድረዋል። ነፋሱ አቧራ አነሣ። ገላኔ ዐይኗን በእጇ ከልላ ጠበቀች።

አቧራው ሲረግብ ሚኒባሱ በሩን ዘግቶ ይነሣ ነበር። ኪሩ ወደ ግራ ተሻገረ።